የሰውነት እንቅስቃሴ የደም ስኳርን አንዳንዴ የሚያወርደው፣ አንዳንዴም ከፍ የሚያደርገው ለምንድን ነው?

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ከሐኪሙ ዘንድ ይዟቸው ከሚመለሰው ምክሮች መካከል «እንቅስቃሴ አድርግ፤ ስኳርህን ያወርድልሃል» የሚለው ሳይኖር አይቀርም። ምክሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን አልተሟላም። ይህን ምክር ተቀብሎ አንድ ቀን ለ40 ደቂቃ ፈጠን ብሎ የተራመደ ሰው፣ ሲለካ ስኳሩ ከ190 ወደ 140 ወርዶ ሊያገኘው ይችላል። በሌላ ቀን ከባድ ክብደት አንሥቶ ወይም አጭር ርቀት ባለ በሌለ ኃይሉ ሮጦ ሲለካ ደግሞ ከ150 ወደ 200 አሻቅቦ ይጠብቀዋል። በሦስተኛው ቀን፣ ከእንቅስቃሴው በኋላ ያየው ቁጥር መልካም ሆኖ ሳለ፣ እኩለ ሌሊት ላይ በላብ ተጠምቆና እየተንቀጠቀጠ ሊነቃ ይችላል። ሦስቱም ውጤቶች የሰውነት አሠራር በሚገባ የሚያስረዳቸው ናቸው፤ የመለኪያው ብልሽት ወይም የሰውየው ጥፋት አድርጎ መውሰድ አያስፈልግም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት የደም ስኳር ቁጥሮች በሙሉ በሚሊግራም በዴሲሊትር ናቸው፤ መለኪያው በሚሊሞል በሊትር የሚያሳይ ከሆነ እዚህ የተጻፈውን ቁጥር ለ18 ማካፈል ይበቃል።)

ለውጡን የሚወስነው በአንድ በኩል የእንቅስቃሴው ዓይነትና ብርታት፣ በሌላ በኩል ደግሞ በዚያች ሰዓት በደም ውስጥ የሚገኘው የኢንሱሊን፣ ማለትም ስኳርን ከደም ወደ ሕዋሳት የሚያስገባው ሆርሞን፣ መጠን ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በእኔ ግምት በስኳር ሕመምና በስፖርት ጉዳይ የሚፈጠረው ግራ መጋባት አብዛኛው የሚመነጨው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተራምደው የአንዱ ስኳር በመጠኑ ሲወርድ የሌላው በአደገኛ ሁኔታ የሚያሽቆለቁለው በእግራቸው ፍጥነት ሳይሆን በደማቸው ውስጥ ባለው ኢንሱሊን ልዩነት ነውና።

ጡንቻ ስኳርን የሚያገኝባቸው ሁለት መንገዶች

በአንድ አዋቂ ሰው ደም ውስጥ በማንኛውም ሰዓት የሚዘዋወረው ግሉኮስ (የደም ስኳር) በጠቅላላው ከ4 እስከ 5 ግራም ገደማ፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የሚሞላ ያህል ብቻ ነው። ዋናው ክምችት ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ጉበት 100 ግራም፣ ጡንቻዎች በአንድነት 400 ግራም የሚጠጋ ስኳር ግላይኮጅን በሚባል መልክ ያስቀምጣሉ። በሁለቱ መካከል ግን ትልቅ ልዩነት አለ። ጉበት ያከማቸውን ወደ ደም ለቆ ለመላው አካል ሲያካፍል፣ ጡንቻ ያከማቸውን ለራሱ ብቻ ያውላል፤ ወደ ደም መልሶ ለመልቀቅ የሚያስችለው ኢንዛይም የለውምና።

እንቅስቃሴ ሲጀመር ጡንቻ መጀመሪያ የሚያቃጥለው የራሱን ክምችት ነው። ደቂቃዎች ሲያልፉ ግን ከደም የሚወስደው ስኳር እየጨመረ ይሄዳል። የስኳር ሕመም በሌለበት ሰው ላይ ይህን ፍጆታ የሚያመዛዝን ሥርዓት ወዲያውኑ ይነሣል፤ ቆሽት የሚያመነጨውን ኢንሱሊን ይቀንሳል፣ ግሉካጎን የተባለውን ሌላ ሆርሞን ይጨምራል፣ ጉበትም በዚህ ምልክት ጡንቻው የወሰደውን ያህል ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ጤነኛ ሰው አንድ ሰዓት ተራምዶ ሲለካ ስኳሩ ከመነሻው ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ለዚህ ነው። የኢንሱሊኑ መቀነስ በዚህ ሂደት ውስጥ ያለው ቦታ ከፍ ያለ መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ በደም ውስጥ ብዙ ኢንሱሊን ካለ ጉበት የስኳር መውጫውን ይዘጋል።

ግሉኮስ ወደ ጡንቻ ሕዋስ የሚገባው ራሱን ችሎ ሳይሆን ግሉት-4 በተባሉ አመላላሽ ፕሮቲኖች አማካይነት ነው። እነዚህ ፕሮቲኖች በዕረፍት ጊዜ በሕዋሱ ውስጠኛ ክፍል ይቀመጣሉ፤ ወደ ሕዋሱ ሽፋን ወጥተው ሥራ የሚጀምሩትም ትእዛዝ ሲደርሳቸው ነው። በምግብ ሰዓት ትእዛዙን የሚሰጠው ኢንሱሊን ነው። ጡንቻ ሲኮማተር ደግሞ በኢንሱሊን በኩል ሳያልፍ፣ በሕዋሱ ውስጥ በሚፈጠረው የካልሲየምና የኃይል መጠን ለውጥ የተነሣ ያው ትእዛዝ በሌላ መንገድ ይደርሳል። በሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም የሚዳከመው የመጀመሪያው መንገድ ነው፤ ኢንሱሊን በደም ውስጥ እያለ ሕዋሳቱ የሚሰጡት ምላሽ ደካማ ይሆናል። ሁለተኛው መንገድ፣ በመኮማተር የሚሠራው፣ በአብዛኛው ሳይጎዳ ይቆያል። ለኢንሱሊን እምብዛም የማይታዘዝ ጡንቻ በእንቅስቃሴ ጊዜ ስኳርን እንደ ጤነኛ ጡንቻ መውሰድ መቻሉ ስፖርትን ለእነዚህ ሕሙማን የሕክምናው አካል አድርጎታል።

እንቅስቃሴው ሲያበቃ የመኮማተሩ ውጤት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይከስማል፤ ይሁን እንጂ ሌላ ውጤት ይተካዋል። ጡንቻ ያራቆተውን ግላይኮጅን መልሶ ለመሙላት ሲል ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ይሻሻላል፤ ያው መጠን ያለው ኢንሱሊን ከወትሮው የበለጠ ስኳር ወደ ጡንቻ ያስገባል። ይህ ሁኔታ እንደ እንቅስቃሴው ርዝመትና ብርታት ከ24 እስከ 72 ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ይጠፋል። በሕክምና መመሪያዎች ውስጥ «ያለ እንቅስቃሴ ከሁለት ተከታታይ ቀን በላይ አይለፍ» የሚለው ምክር የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ከመሮጥ ይልቅ ያንኑ ጊዜ በሳምንቱ ቀናት ከፋፍሎ መራመድ ለደም ስኳር የተሻለ የሚሆነውም ለዚሁ ነው።

የእንቅስቃሴና የኢንሱሊን መደጋገፍ የታወቀው ኢንሱሊን ለሕክምና ከዋለ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነበር። የመጀመሪያው የኢንሱሊን መርፌ ለሰው የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1922 ሲሆን፣ ራሱ የስኳር ሕመምተኛ የነበረው የብሪታንያ ሐኪም ሮበርት ሎረንስ በ1926 ባሳተመው ጥናት፣ እንቅስቃሴ የኢንሱሊንን ስኳር የማውረድ ኃይል እንደሚያጎለብት አሳይቷል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው እንቅስቃሴ በሚያደርግበት ቀን ያነሰ መጠን ሊያስፈልገው እንደሚችል ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ላለባቸው

ሁለተኛው ዓይነት ሕመም ኖሮባቸው በአመጋገብ ብቻ ወይም እንደ ሜትፎርሚን ባሉ፣ ቆሽትን አስገድደው ኢንሱሊን በማያስመነጩ መድኃኒቶች የሚታከሙ ሰዎች በእንቅስቃሴ ጊዜ ስኳራቸው ከልክ በታች የመውረድ ዕድሉ አነስተኛ ነው። ስኳሩ ሲወርድ የራሳቸው ቆሽት ኢንሱሊኑን መቀነስ ይችላልና። ስለዚህ ለእነርሱ ጥያቄው በአብዛኛው ስለ አደጋ ሳይሆን ስለ መጠንና ስለ ሰዓት ነው።

ስለ መጠን በስፋት ተቀባይነት ያገኘው ምክር በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ብርታት ያለው እንቅስቃሴ፣ ወይም 75 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ማድረግ፣ በዚህም ላይ በሳምንት ከ2 እስከ 3 ቀን የጡንቻ ማጠናከሪያ መጨመር ነው። መካከለኛ ብርታት ማለት ከአጠገብ ካለ ሰው ጋር እየተነጋገሩ መሄድ የሚቻልበት፣ ለመዝፈን ግን ትንፋሽ የማይበቃበት ፍጥነት ነው። የጡንቻ ማጠናከሪያው ነገር ችላ መባሉ ያሳዝናል፤ ከምግብ በኋላ በኢንሱሊን ትእዛዝ ከደም ከሚወጣው ስኳር አብዛኛውን የሚረከበው ጡንቻ ስለሆነ፣ በዕድሜ ምክንያት ጡንቻው እየቀነሰ የሚሄድ ሰው የስኳሩን ዋና ማስቀመጫ እያጣ ነው ማለት ነው። ክብደት ማንሣት የግድ ብረት አይጠይቅም፤ ከወንበር መነሣትና መቀመጥን መደጋገም፣ ግድግዳ ተደግፎ መግፋት፣ ደረጃ መውጣት ለጀማሪ ይበቃሉ።

በሰዓት በኩል ጠቃሚው ግኝት ከምግብ በኋላ መራመድ ነው። ከምግብ በኋላ የደም ስኳር ከፍተኛ ጣሪያው ላይ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በዚህ ክፍተት የሚደረግ የ10 ወይም የ15 ደቂቃ የእግር ጉዞ፣ ስኳሩ ከአንጀት ወደ ደም በሚገባበት ጊዜ ጡንቻው እንዲቀበለው ስለሚያደርግ ጣሪያውን ዝቅ ያደርገዋል። በተለይ ከራት በኋላ ወዲያው የሚቀመጥ ወይም የሚተኛ ሰው ከዚህ ብዙ ያተርፋል። በቀን ውስጥ ለረጅም ሰዓት መቀመጥም ራሱን የቻለ ጉዳት አለው፤ ስለዚህ በየ30 ደቂቃው ተነሥቶ ለጥቂት ደቂቃ መንቀሳቀስ ይመከራል፤ ይህም ለ150ው ደቂቃ ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለም።

ውጤቱ ምን ያህል ነው? ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት አማካይ ስኳር የሚያሳየው የኤችቢኤዋንሲ ምርመራ እዚህ ላይ ይረዳል። በ2011 የታተመና በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ትንተና እንዳመለከተው፣ በክትትል የሚደረግ መደበኛ እንቅስቃሴ ይህን ቁጥር በአማካይ በ0.67 የመቶኛ ነጥብ ዝቅ አድርጎታል፤ በሳምንት ከ150 ደቂቃ በላይ በሠሩት ላይ ቅናሹ 0.89፣ ከዚያ ባነሰ በሠሩት ላይ 0.36 ነበር። ይህ አንዳንድ የስኳር እንክብሎች ከሚያመጡት ቅናሽ ጋር የሚቀራረብ ነው። ሕመሙ ገና ባልጀመራቸው ግን ስኳራቸው ከፍ ብሎ በተገኘባቸው ሰዎች ላይ በአሜሪካ የተካሄደውና ውጤቱ በ2002 የወጣው ሰፊ ጥናት ደግሞ፣ በሳምንት 150 ደቂቃ እንቅስቃሴን ከሰውነት ክብደት 7 በመቶ ያህል ከመቀነስ ዒላማ ጋር ያጣመሩ ተሳታፊዎች የስኳር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ሲቀንስ፣ ሜትፎርሚን በወሰዱት ላይ ቅናሹ 31 በመቶ እንደነበር አሳይቷል።

ብዙዎች እንቅስቃሴውን የሚተዉት ሚዛን ላይ ወጥተው ክብደታቸው እንዳልቀነሰ ሲያዩ ነው። ከላይ እንደተገለጸው ግን ጡንቻ ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ የሚሻሻለው ኪሎ ባይቀንስም ነው። ክብደት መቀነስ የራሱ ጥቅም አለው፤ የእንቅስቃሴን ሥራ በሚዛን ብቻ መመዘን ግን በተሳሳተ መሣሪያ መለካት ነው።

ኢንሱሊን ለሚወጉ

የአንደኛው ዓይነት ሕመም ያለበት፣ ማለትም ቆሽቱ ኢንሱሊን የማያመነጭ ሰው፣ እንዲሁም ሁለተኛው ዓይነት ሕመም ኖሮበት ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ያለበት ሁኔታ የተለየ ነው። ከቆዳ ሥር የገባ ኢንሱሊን እንቅስቃሴ መጀመሩን አያውቅም። ጤነኛ ቆሽት በደቂቃዎች ውስጥ ማመንጨቱን ሲቀንስ፣ የተወጋው ኢንሱሊን ግን በተያዘለት ጊዜ መጠን ወደ ደም መግባቱን ይቀጥላል፤ እንዲያውም የሰውነት ሙቀትና የደም ዝውውር ሲጨምር፣ በተለይም መርፌው የተወጋው በሚሠራው እግር ወይም ክንድ ላይ ከሆነ፣ ፈጥኖ ሊገባ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሦስት ነገሮች ይደራረባሉ፦ ጡንቻው በመኮማተር ስኳር ይስባል፣ በደም ውስጥ ያለው ኢንሱሊንም ተጨማሪ ያስገባል፣ ያው ኢንሱሊን ደግሞ ጉበትን ስኳር እንዳይለቅ ያግደዋል። ፍጆታው ሲያድግ አቅርቦቱ ይቋረጣል ማለት ነው።

ፈጣን የሚባለው የምግብ ሰዓት ኢንሱሊን በ15 ደቂቃ ገደማ ሥራ ጀምሮ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ኃይሉ ጠንክሮ፣ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ይቆያል። ስለዚህ ምሳ በልቶና ሙሉ መጠን ወግቶ ከአንድ ሰዓት በኋላ መሮጥ፣ ከቀኑ ሰዓታት ሁሉ የስኳር መውረድ አደጋ ከፍ የሚልበትን መምረጥ ነው። አማራጮቹ ብዙ ናቸው። እንቅስቃሴው ከምግቡ በኋላ ባሉት ሁለት ወይም ሦስት ሰዓታት ውስጥ እንደሚደረግ አስቀድሞ ከታወቀ፣ ለዚያ ምግብ የሚወጋውን ኢንሱሊን መቀነስ ይቻላል፤ መመሪያዎች እንደ እንቅስቃሴው ብርታትና ርዝመት ከ25 እስከ 75 በመቶ የሚደርስ ቅናሽ ይጠቅሳሉ፤ የራስን ልክ ማግኘት ግን ከሐኪም ጋር የሚሠራ ሥራ ነው። በኢንሱሊን ፓምፕ፣ ማለትም ኢንሱሊንን ከቆዳ ሥር ሳያቋርጥ በሚያስገባ መሣሪያ፣ የሚጠቀም ሰው መጠኑን እንቅስቃሴው ሲጀመር ቢቀንሰው ብዙ አይጠቅመውም፤ ከቆዳ ሥር የተከማቸው እስኪያልቅ ጊዜ ስለሚወስድ ቅናሹ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ቀድሞ መጀመር አለበት። እንቅስቃሴው ድንገተኛ ከሆነና ኢንሱሊኑ አስቀድሞ ከተወጋ ግን የሚቀረው መፍትሔ ስኳርነት ያለው ነገር መውሰድ ነው። ከምግብ በፊት፣ ለምሳሌ ጠዋት ቁርስና የቁርስ ኢንሱሊን ሳይወሰድ የሚደረግ እንቅስቃሴ፣ በደም ውስጥ ያለው ኢንሱሊን አነስተኛ በመሆኑ ስኳርን ብዙውን ጊዜ ያን ያህል አያወርድም።

ከመጀመር በፊት መለካት ለእነዚህ ሕሙማን የግዴታ ያህል ነው። በ2017 በዘርፉ ባለሞያዎች ስምምነት የወጣው መመሪያ ለአንደኛው ዓይነት ሕሙማን መነሻው ከ126 እስከ 180 ቢሆን ይመረጣል ይላል። ቁጥሩ ከ90 በታች ከሆነ ከ10 እስከ 20 ግራም ግሉኮስ ወስዶ ከ90 በላይ እስኪደርስ መጠበቅ፣ ከ90 እስከ 124 ባለው ጊዜ ደግሞ እንደ ሩጫና ብስክሌት ላሉ ረዘም ያሉ እንቅስቃሴዎች 10 ግራም ያህል አስቀድሞ መውሰድ ይመከራል። አንድ ቁጥር ብቻውን ግን በቂ መረጃ አይሰጥም፤ 130 ሆኖ እየወጣ ያለ ስኳርና 130 ሆኖ እየወረደ ያለ ስኳር እኩል አይደሉም። ስለዚህ በ20 ወይም በ30 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ መለካት የጉዞውን አቅጣጫ ያሳያል። ኢንሱሊን ሳይቀነስ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚዘልቅ እንቅስቃሴ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ሊጠይቅ ይችላል።

ስኳር ከ70 በታች ሲወርድ እንቅስቃሴውን ወዲያውኑ አቁሞ 15 ግራም ፈጣን ስኳር መውሰድና ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ መለካት የታወቀው አሠራር ነው። ፈጣን ስኳር የሚባለው የግሉኮስ እንክብል፣ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ፣ ጭማቂ ወይም የለስላሳ መጠጥ ነው፤ ስብ የበዛበት ነገር፣ ለምሳሌ ቸኮላት፣ ከሆድ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ለዚህ አይሆንም። ላብ፣ መንቀጥቀጥና የልብ ምት መፍጠን የስኳር መውረድ ምልክቶች ሲሆኑ የስፖርትም ምልክቶች ናቸው፤ ስለዚህ በሩጫ ላይ ያለ ሰው ምልክቱን «ደክሞኝ ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ግራ የሚያጋባ ስሜት፣ የቃላት መንተባተብ፣ የእግር መወለካከፍ ከታየ ድካም ነው ብሎ መገመት አይገባም። አብሮ የሚሠራው ሰው ይህን ማወቁ ብቻውን ብዙ አደጋ ያስቀራል።

ሌሊት የሚመጣው መውረድ

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ከእንቅስቃሴው ብዙ ሰዓታት በኋላ የሚመጣው ነው። ጡንቻ ግላይኮጅኑን መልሶ የሚሞላው በሰዓታት ሂደት በመሆኑና ለኢንሱሊን ያለው ምላሽ እየጠነከረ ስለሚቆይ፣ ስኳሩ ከ6 እስከ 15 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ አንዳንዴም እስከ 24 ሰዓት ድረስ ሊወርድ ይችላል። ከሰዓት በኋላ ወይም ማምሻውን ረጅም እንቅስቃሴ ያደረገ ሰው ላይ ይህ የሚደርሰው እንቅልፍ ላይ ሳለ ነው። በዚያ ሰዓት ሰውነት ለስኳር መውረድ የሚሰጠው የሆርሞን ምላሽ ስለሚደክም፣ ምልክቶቹ ሳይቀሰቅሱት ሊያልፉ ይችላሉ። እንቅስቃሴውን ወደ ጠዋት ማዞር፣ ከእንቅስቃሴው በኋላ ለሚበላው ምግብ የሚወጋውን ኢንሱሊን መቀነስ፣ ከመኝታ በፊት መለካት፣ አስፈላጊ ሲሆንም ያለ ኢንሱሊን ትንሽ መክሰስ መውሰድ ከሚመከሩት መካከል ናቸው። በዚያ ምሽት አልኮል መጠጣት ነገሩን ያባብሰዋል፤ አልኮል ጉበት አዲስ ስኳር እንዳይሠራ ያግዳል፣ እንቅስቃሴው ደግሞ ያለውን ክምችት አስቀድሞ አራቁቶታል።

አንድ ጊዜ የወረደ ስኳር ቀጣዩንም ይጋብዛል። ትናንት ስኳሩ ወርዶበት የነበረ ሰው ዛሬ እንቅስቃሴ ሲያደርግ፣ ስኳር እንዲወጣ የሚያደርጉት ሆርሞኖች ምላሽ ደካማ ይሆናል። ስለሆነም ባለፉት 24 ሰዓታት ውስጥ የሌላ ሰው እርዳታ እስኪያስፈልገው ድረስ ስኳሩ የወረደበት ሰው በዚያ ቀን ስፖርት እንዳይሠራ ይመከራል።

ስኳር ከፍ የሚልበት ጊዜ

በአጭር ጊዜ ከፍተኛ ኃይል የሚጠይቁ እንቅስቃሴዎች፣ ማለትም የአጭር ርቀት ሩጫ፣ ከባድ ክብደት ማንሣት፣ የውድድር ጨዋታ፣ አድሬናሊንና መሰል ሆርሞኖች በብዛት እንዲለቀቁ ያደርጋሉ። ሆርሞኖቹ ጉበትን ስኳር እንዲለቅ ያዙታል፤ በጣም ጠንካራ በሆነ እንቅስቃሴ የጉበት ልቀት እስከ 7 እጥፍ ሊያድግ ሲችል የጡንቻ ፍጆታ ግን ከ3 እስከ 4 እጥፍ ብቻ ያድጋል። ልዩነቱ በደም ውስጥ ይከማቻል። ጤነኛ ሰውም ላይ ይህ ይታያል፤ ነገር ግን እንቅስቃሴው እንደቆመ ቆሽቱ ኢንሱሊን ጨምሮ በፍጥነት ያስተካክለዋል። ኢንሱሊን የማያመነጭ ሰው ላይ ከፍታው ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ይህን አይቶ ሙሉ የማስተካከያ መጠን ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ችግር ላይ ይወድቃል፤ የሆርሞኖቹ ግፊት በራሱ እየቀነሰ፣ የጡንቻው ምላሽ እየጨመረ ባለበት ሰዓት የተጨመረው ኢንሱሊን ስኳሩን ወደ ታች ይነዳዋል። ጥቂት መጠበቅ፣ ማስተካከል ካስፈለገም ከወትሮው በቀነሰ መጠን ማስተካከል የሚመከረው ለዚህ ነው።

ይኸው የመውጣት ባሕርይ ለጥቅምም ይውላል። በተደረጉ ጥናቶች የአንደኛው ዓይነት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከመካከለኛ እንቅስቃሴ በኋላ ለ10 ሰከንድ ብቻ በሙሉ ኃይላቸው ሲሮጡ ወይም ብስክሌት ሲነዱ፣ ስኳራቸው ወዲያው ሊከተል የነበረውን መውረድ ለተወሰነ ጊዜ አስቀርቷል። በተመሳሳይ ቀን ክብደት ማንሣትንም ሩጫንም ለሚሠራ ሰው ክብደቱን ማስቀደም በሩጫው ጊዜ የሚከሰተውን መውረድ ይቀንሳል። መውረዱ ለሚያሰጋው ሰው ይህ የቅደም ተከተል ለውጥ ምንም ወጪ የለውም።

ከዚህ ፈጽሞ የተለየና አደገኛ የሆነ ሌላ የመውጣት ዓይነት አለ። በደም ውስጥ ያለው ኢንሱሊን እጅግ አነስተኛ ሲሆን፣ ለምሳሌ መርፌ ሲዘለል ወይም ሰው በኢንፌክሽን ሲታመም፣ ሰውነት ስብ እያቃጠለ ኬቶን የተባሉ አሲድነት ያላቸውን ንጥረ ነገሮች ያከማቻል። በዚህ ሁኔታ ላይ እንቅስቃሴ ስኳሩንም ኬቶኑንም ያባብሳል እንጂ አያወርድም። ስለዚህ ስኳሩ ከ250 በላይ የሆነና ምክንያቱን ያላወቀ ኢንሱሊን ተጠቃሚ ኬቶን መለካት ይኖርበታል፤ በደም ውስጥ ያለው ኬቶን 1.5 ሚሊሞል በሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ እንቅስቃሴ ክልክል ነው፤ የሚያስፈልገው ኢንሱሊን፣ ፈሳሽና የሕክምና ርዳታ ነው። «ከፍ ብሏል፣ ልሩጥና ላውርደው» የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ አደጋ ያመጣል።

መድኃኒቶችና ሌሎች ሁኔታዎች

ከእንክብሎች መካከል እንደ ግሊቤንክላማይድና ግሊሜፒራይድ ያሉት ቆሽት ስኳሩ ቢወርድም ባይወርድም ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ስለሚገፉ፣ የሚወስዷቸው ሰዎች ከላይ ለኢንሱሊን ተጠቃሚዎች የተነገረውን ጥንቃቄ ማድረግ አለባቸው። ኢምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን ስኳርን በሽንት የሚያስወጡ በመሆናቸው የፈሳሽ እጥረት ሊያመጡ ይችላሉ፤ በሞቃት ቀን በቂ ውኃ መጠጣት ያስፈልጋል። ለደም ግፊት ወይም ለልብ የሚታዘዙት ቤታ ብሎከሮች ደግሞ የልብ ምት መፍጠንንና መንቀጥቀጥን ስለሚሸፍኑ የስኳር መውረድ ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል፤ ላቡን ግን አይሸፍኑትም።

ሕመሙ የቆየባቸው ሰዎች አዲስ ጠንካራ እንቅስቃሴ ከመጀመራቸው በፊት መመርመር የሚገባቸው ከስኳሩ ይልቅ በሌሎች አካላት ምክንያት ነው። በዓይን ሬቲና ላይ አዳዲስ ደካማ የደም ሥሮች የበቀሉበት ሰው ትንፋሽ ይዞ ከባድ ነገር ቢያነሣ ወይም ራሱን ዘቅዝቆ ቢሠራ በዓይን ውስጥ ደም ሊፈስስ ይችላል። ለልብ የሚሄዱት ነርቮች የተጎዱበት ሰው የልብ ምት ከእንቅስቃሴው ጋር እኩል ላይጨምር ስለሚችል ብርታቱን በልብ ምት መለካት አይበጀውም፤ ደረት ላይ የሚሰማ ሕመምም ላይኖር ይችላል። እግሩ የደነዘዘ ሰው መራመድ አይከለከልም፤ ነገር ግን ልኩ የሆነ ጫማና ደረቅ ካልሲ ማድረግ፣ ከእንቅስቃሴው በፊትና በኋላም የእግሩን መዳፍና የጣቶቹን መሐል በዓይኑ ማየት አለበት፤ ሕመም ያልተሰማው የውኃ መቋጠር ወደ ቁስል ሊቀየር ይችላልና። ያልዳነ ቁስል ካለ ክብደት እግር ላይ የማይጥሉ እንቅስቃሴዎች ይመረጣሉ።

ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ተከታታይ መለኪያ የሚጠቀሙ ሰዎች ማወቅ ያለባቸው ሌላም ነገር አለ። መሣሪያው የሚለካው በሕዋሳት መካከል ባለው ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ስኳር እንጂ ደሙን በቀጥታ አይደለም። ስኳሩ በፍጥነት በሚለወጥበት በእንቅስቃሴ ጊዜ መሣሪያው ከደሙ በደቂቃዎች ወደ ኋላ ይቀራል፤ 85 እያለ ደሙ ግን 65 ላይ ሊሆን ይችላል። በመሣሪያው ላይ የሚታየው ቀስት ወደ ታች ሲያመለክት ቁጥሩን ከሚያሳየው ዝቅ አድርጎ መውሰድ፣ ስሜቱ ከቁጥሩ ጋር ካልተስማማም ጣት ተወግቶ መለካት ያሻል። በማስታወሻ መያዝ ያለበትም ቁጥሩ ብቻ አይደለም፤ እንቅስቃሴው ምን እንደነበር፣ ስንት ሰዓት እንደተጀመረና ስንት ደቂቃ እንደፈጀ፣ የመጨረሻው ኢንሱሊን ወይም እንክብል መቼና በምን መጠን እንደተወሰደ፣ ከመኝታ በፊትና በማግስቱ ጠዋት የታየው ልኬት አብሮ ቢጻፍ፣ ሐኪሙ የትኛው መጠን፣ በየትኛው ሰዓት፣ በምን ያህል መቀነስ እንዳለበት ከዚያ ላይ አንብቦ ሊወስን ይችላል።